ሚዛን የሌለው መድኃኒት ቤት

ሚዛን የለንም። ከሁሉ በፊት ይህ ይታወቅልን። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠን፣ ለሕፃን በኪሎ ስንት ሚሊግራም እንደሚሰጥ ስናሰላ ኖረን፣ የሙያ ፈቃድ አውጥተን፣ ነጭ ጋዋን ለብሰን ከባንኮኒው ኋላ የቆምን ሰዎች የአንድ አዋቂ ክብደት የምንለካበት ሚዛን የለንም። መገናኛ እግረኛ መንገድ ላይ ሚዛኑን ዘርግቶ የተቀመጠው ልጅ አለው። ሜክሲኮ አደባባይ ዳር ያለውም አለው። ደንበኞቻችን በጥቂት ብር እሱ ዘንድ ይመዘኑና ቁጥሩን ይዘው ወደ እኛ ይመጣሉ። «ዶክተር፣ ሰማንያ ስድስት ኪሎ ገባሁ፤ ምን ልውሰድ?» ይሉናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ የመጣውም ወደ ትክክለኛው ሰው ነው። እኛ ግን ያንን ጥያቄ በወጉ የምንመልስበት ነገር አልተሰጠንም።

«ታዲያ ለምን አትገዙም?» ይለናል የእኛን ቤት የማያውቅ። የሚያውቅ አይጠይቅም። ኪራይ በካሬ በሚቆጠርበት ከተማ መደርደሪያው፣ ማቀዝቀዣው፣ ባንኮኒው፣ ካሽ ማሽኑ፣ ገና ያልተከፈተው ካርቶን ሁሉ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ የሚተርፈው ደንበኛ ቆሞ የሚጠብቅባት ጠባብ ወለል ናት። እዚያ ላይ ሚዛን ቢቀመጥ ሰው ይደናቀፍበታል። ዋጋውም ሌላ ነገር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አልቀመስ ብሏል፤ የግፊት መለኪያው፣ የስኳር መለኪያው ስትሪፕ፣ ሚዛኑም ጭምር። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው። «እሱን ከመግዛት በዚያው ገንዘብ አሞክሳሲሊን አይገባም?» ይላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ኪራዩ ሲጨምር የሚከፍለው በሚዛን ሳይሆን በሽያጭ ስለሆነ ነው።

እሺ፣ ሚዛኑ ተገኘ እንበል። ማን ይወጣበታል? ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የእኛን ባንኮኒ ያየ ያውቀዋል። ከፊት የልጇን ሽሮፕ የምትጠብቅ እናት አለች። ከኋላዋ ራሱን የሚያመው የታክሲ ረዳት አለ። ከጎን ሰው እስኪቀንስ ድረስ የጥርስ ሳሙና እያገላበጠ የሚጠብቅ፣ ምን ሊገዛ እንደመጣ ሁላችንም የምናውቀው ጎረምሳ አለ። በዚህ ሁሉ ሰው መሐል ነው እትዬን «ስንት ኪሎ ነዎት? እስቲ ወገብዎን ልለካ» የምንላቸው? ለሴት ከ80 ሴንቲሜትር፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲሜትር ያለፈ የወገብ ልክ ለስኳርና ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጥ እናውቃለን። ሜትሩ ከኪሳችን ቢወጣም የምንለካበት ጥግ የለም። ሰው ስለ ደም ግፊቱ ወረፋው ሁሉ እየሰማ ይነግረናል፤ ስለ ሆድ ድርቀቱ ይነግረናል፤ ስለ ክብደቱ ግን በሹክሹክታም አይነግረንም። የሚያስፈልገው አንድ መጋረጃ፣ ሁለት ወንበር ነበር። መጋረጃም ወንበርም የለም።

ጊዜም የለም። የክብደት ምክር «ከምግብ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ» ተብሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ምን እንደሚበላ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ማን እንደሚያበስልለት፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ቁጭ ብሎ ነው ወይስ ቆሞ የሚሠራው፣ ሻዩ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚጨምር፣ ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ መጠየቅ ያስፈልጋል። በወሩ ተመልሶ እንዲመጣ መቅጠርና ሲመጣ ደግሞ ያለፈውን ማስታወስ ያስፈልጋል። እኛ ለአንድ ሰው ያለን ጊዜ ማዘዣውን አንብበን፣ መድኃኒቱን ቆጥረን፣ ፖስታው ላይ ጽፈን፣ ብሩን ተቀብለን፣ መልስ ፈልገን እስክንሰጥ ድረስ ያለችው ናት። መልስ ፍለጋው ራሱ ከምክሩ ይበልጣል።

ጊዜው ቢገኝስ ማን ይከፍለናል? ዋናው እሮሯችን ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። መድኃኒት ቤት የሚያተርፈው ዕቃ ሲሸጥ ብቻ ነው። የምናውቀው ነገር በየትኛውም ደረሰኝ ላይ መስመር የለውም። ግማሽ ሰዓት አስቀምጠን አንድን ሰው «ይህ ክኒን አያስፈልግህም፣ ለስላሳውን ተው፣ ከቢሮ እስከ ሜክሲኮ በእግርህ ሂድ» ብለን ብንመልሰው ሰውየው ያተርፋል፣ አገር ያተርፋል፣ እኛ ከሽያጭ እንጎድላለን። ክኒኑን ብንሸጥለት ደግሞ እኛ እናተርፋለን፤ ሰውየው ይጎዳል። ሐኪም ለምርመራ ይከፈለዋል፤ ላቦራቶሪ ለምርመራ ይከፈለዋል። የጤና መድኑም ሲከፍል ለመድኃኒቱ እንጂ ለፋርማሲስቱ ምክር አይደለም። ምክር ነፃ ነው ተብሎ ተለምዷል፤ ነፃ የሆነውን ነገር ደግሞ ባለቤት በደመወዝ ሰዓት እንድንሠራው አይወድም። እኛም ክፍያ የጠየቅን ቀን «ለማውራት ብር?» እንባላለን።

ይህ ብቻ ቢሆን እንችለው ነበር። ወደ ባንኮኒው ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ ግን ሊቀንሱ ሳይሆን ሊወፍሩ ነው የሚመጡት። «መወፈሪያ አላችሁ?» የማትል ሳምንት የለችም። ሠርጓ የቀረበ ልጅ ትመጣለች። አማቷ «ይህቺን ቀጫጫ ከየት አመጣሃት» ያሉባት ሙሽራ ትመጣለች። ዓረብ አገር ልትሄድ ሜዲካል የምታደርግ፣ ኪሎዋ አንሶ እንዳትወድቅ የፈራች ልጅ ትመጣለች። የሚጠይቁት በስሙ ነው፤ የአለርጂ መድኃኒት የሆነውን፣ እግረ መንገዱን የምግብ ፍላጎት የሚከፍተውን ሳይፕሮሄፕታዲን ይጠራሉ። ከዚያም ይብስና ስቴሮይዱን ዴክሳሜታዞንን ይጠራሉ። ዴክሳሜታዞን ጉንጭ ይሞላል፤ እውነት ነው። ስኳር ያስነሳል፣ ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል ማምረት እንዲያቆም ያደርጋል፤ ይህም እውነት ነው። ይህን ስንናገር ልጅቷ በትዕግሥት ታዳምጠንና «እሺ» ብላ ወደ ቀጣዩ በር ትሄዳለች። ቀጣዩ በር ይሸጥላታል። እኛ ከልክለን ተጎዳን፤ እሷም ገዝታ ተጎዳች።

እንግዲህ በዚህ አገር ስለ ክብደት ስናወራ ከማን ጋር እንደምንታገል ይታይ። «ወፍረሻል፣ አምሮብሻል» ምርቃት ነው። «ምነው ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» ሐዘኔታ ነው። አራስ በገንፎና በቅቤ ካልፋፋች ባሏ እንዳልተንከባከባት ይቆጠራል። ቦርጭ ያወጣ ሰው ተደላደለ ይባላል። ይህን አንንቀውም፤ ረሀብን ያየ ሕዝብ ሥጋን ቢወድ ምክንያት አለው። ነገር ግን የጊዜው ሁኔታ ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመጠን በላይ ክብደት የነበራቸው የመውለጃ ዕድሜ ሴቶች ከመቶ 3 ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከመቶ 8 ሆኑ። ይህ የገጠሩን ሁሉ ይዞ ነው፤ ከተማው ብቻውን ሲቆጠር ከዚህ እጅግ ይከፋል። የስኳርና የግፊት መድኃኒቶቹ ሜትፎርሚን፣ አምሎዲፒንና ኢንሱሊን ከእጃችን የሚወጡት ለማን እንደሆነ በየቀኑ እናያለን። የዛሬ ዓመት ልጇን ይዛ ሽሮፕ ትገዛ የነበረችው እናት ዘንድሮ የራሷን የግፊት ክኒን ትገዛለች። በመሐሉ ባለው ዓመት ማንም አልመዘናትም።

ሌላው የሚያንገበግበን ነገር መድኃኒቱ ራሱ የሚያወፍርበት ጊዜ ነው። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ኦላንዛፒን ያወፍራል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮየት ያወፍራል። ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ያወፍራል። የስኳር መድኃኒቶቹ ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ ክብደት ይጨምራሉ፤ በየሦስት ወሩ የሚወጋው የወሊድ መከላከያ ዲፖ ብዙ ሴቶች ላይ ይጨምራል። ይህ የእኛ ዕውቀት ነው፤ ከሁሉም ባለሙያ በላይ የተማርነው ይህንን ነው። ሆኖም በሽተኛው ካርዱን ሲከፍት ሐኪሙ አልነገረውም፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ወረፋ ነው፤ በሦስተኛው ወር ልብሱ ሲጠበው መድኃኒቱን በራሱ ያቆመዋል። የአእምሮ ሕመሙ ይመለሳል። የሚጥል በሽታው ይመለሳል። «መድኃኒቱን አታቁም፤ በየወሩ ተመዘን፤ ከዚህ ካለፈ ወደ ሐኪምህ ተመለስና መጠኑ ወይም ዓይነቱ ይታይልህ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ስንቱን ታድን ነበር። ይህቺን ለማለት የሚያስፈልገው ጥግና አምስት ደቂቃ ነው። አምስቷ ደቂቃ የለችም።

ቴሌግራም ግን ጊዜ አለው። ቴሌግራም ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ነው። የሆድ ማጥፊያ ሻይ፣ የሆድ ማጥፊያ ቀበቶ፣ «በአሥር ቀን አሥር ኪሎ» የሚል ጠብታ፣ መለያው በቻይንኛ የተጻፈ እንክብል፣ ሁሉም በሞተር ብስክሌት ቤት ድረስ ይደርሳል። ሻጩ ፈቃድ የለውም፤ ተቆጣጣሪም አይሄድበትም። በእኛ ቤት ግን ተቆጣጣሪ ሲገባ ቴርሞሜትሩን ያያል፣ መዝገቡን ይገልጣል፣ ጊዜው ያለፈበት ክኒን ይፈልጋል። ይፈልግ፤ ሥራው ነው፤ ለሕዝብ ደኅንነት ነው። ነገር ግን እኛ በመዝገብ በምንጠየቅበት ከተማ ሌላው ያለ መዝገብ ሲሸጥ ማየት ያማል። ሲቡትራሚን የሚባለው የምግብ ፍላጎት መዝጊያ ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ «ተፈጥሯዊ» በተባሉ የማቅጠኛ ሻይና እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ በየአገሩ ተገኝቷል። ደንበኛችን ሻዩን ጠጥታ ልቧ በኃይል ሲመታ የምትመጣው ወደ ቴሌግራሙ አይደለም። ፓኬቱን ይዛ ወደ እኛ ነው። «ይህ ውስጡ ምን አለው?» ትለናለች። እኛም ውስጡን የምናይበት ነገር የለንም።

አሁን ደግሞ የማቅጠኛ መርፌው መጥቷል። ከአሜሪካ እኅት ትልካለች፤ ከዱባይ ነጋዴ በሻንጣ ያመጣል። ሴማግሉታይድ፣ ኦዜምፒክ የሚባለው ማለት ነው። ከመከፈቱ በፊት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ ያለበት መርፌ ሻንጣ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ስንት ጊዜ እንደቀለጠ የሚያውቅ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2016 ሐሰተኛ ኦዜምፒክ በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ መገኘቱን ጠቅሶ አስጠንቅቋል፤ እነሱ ዘንድ ከገባ ሻንጣ ውስጥ አይገባም ማለት አይቻልም። «ዶክተር፣ እንዴት ነው የምወጋው? ስንት ላይ ላድርገው?» ይሉናል እስክሪብቶውን እያሳዩ። አላዘዝነውም፣ አልሸጥነውም፣ ከየት እንደመጣ አናውቅም። ዝም ብንል ጠያቂዋ ሙሉውን ልክ በመጀመሪያው ሳምንት ትወጋና ስታስመልስ ታድራለች። ብንናገር ያልመዘንነውን ሰው ማከማችን ነው። አብዛኞቻችን እንናገራለን፤ በትንሹ ጀምሪ፣ በየአራት ሳምንቱ ነው ከፍ የሚደረገው፣ ብርቱ የሆድ ሕመም ካለሽ አቁመሽ ሐኪም ቤት ሂጂ እንላለን። ይህን የምንለው የሚደግፈን አንድም ወረቀት ሳይኖር ነው።

እሺ፣ አንድ ደንበኛችንን መዘንነው፣ ወገቡን ለካነው፣ ግፊቱ 160 በ100 ሆኖ አገኘነው እንበል። ወዴት እንላከው? የአመጋገብ ባለሙያ በየሰፈሩ የለም። ጤና ጣቢያ ስንልከው «ማን ላከህ?» ይባላል። «መድኃኒት ቤት» ሲል ሳቅ ይሰማል፤ ወይም ካርድ አውጥተህ ተሰለፍ ይባላል። እኛ የሪፈር ወረቀት የለንም። ሐኪሙ ምን እንዳገኘ የምናውቅበት መንገድ የለም፤ ሐኪሙም እኛ ምን እንዳየን አያውቅም። አንዳንዱ ሐኪም ስልክ ያነሳልናል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። አንዳንዱ «አንተ የታዘዝከውን ስጥ» ይለናል። እንግሊዝ አገር የሰፈር ፋርማሲስት ግፊት ወይም ስኳር ያለበትንና ክብደቱ ከልክ ያለፈውን ሰው ሐኪም ሳያስጠብቅ በቀጥታ ወደ መንግሥት የዲጂታል ክብደት መቀነሻ ፕሮግራም ይልካል። የላከበትን የሚመዘግብበት ቦታ አለው። እነሱ ከእኛ የተለየ ፋርማኮሎጂ አልተማሩም።

የተማርነውም ቢሆን ጎዶሎ ነው፤ ይህን ለመምህሮቻችን ማለት አለብን። የክብደት መቀነሻው ኦርሊስታት በአንጀት ውስጥ የስብ መፍጫውን ኢንዛይም ዘግቶ ከሚበላው ስብ ሲሶ ገደማ እንዳይገባ እንደሚያደርግ፣ ቅባት ያለው ሰገራ እንደሚያመጣ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ቫይታሚኖችን እንደሚያሳጣ በቃላችን እንወጣዋለን። አንዲትን እናት ሳናሳፍራት ስለ ክብደቷ እንዴት እንደምናናግራት ግን ማንም አላሳየንም። የጾም ወራት ምግብ እንዴት እንደሚመጠን ማንም አላሳየንም፤ ከሥጋና ከቅቤ ተከልክሎ ቀኑን በዳቦ፣ በፓስታ፣ በዘይት በተጠበሰ ድንችና በሳምቡሳ የሚያሳልፍ ሰው ከጾሙ ወፍሮ እንደሚወጣ ያየነው በባንኮኒው ነው። መጻሕፍቱ ስለ እንጀራ፣ ስለ ሽሮ፣ ስለ ቦምቦሊኖ አይናገሩም። ደንበኛችን ግን የሚበላው እሱን ነው።

እና ይህ ሁሉ እያለ እንደሚቻል እናውቃለን። እሮሯችንን የሚያባብሰውም ይኸው ነው። የደም ግፊት መለኪያ ብዙ መድኃኒት ቤት ውስጥ ገብቷል። ማንም አላስገደደም። አንዱ ገዛ፣ ሰው ወደደው፣ ጎረቤቱ ገዛ። ሽማግሌዎች በየሳምንቱ እየመጡ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፤ ግፊታቸውን በደብተር የጻፍንላቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን አያቋርጡም። ክብደትም እንዲሁ ነው። ሰማንያ ኪሎ የሆነች ሴት ኻምሳ እንድትሆን የሚጠይቃት የለም፤ አራት ኪሎ ብትቀንስ ከመቶ አምስት ነው፤ በዚያች አራት ኪሎ ግፊቷም ስኳሯም መሻሻል ይጀምራል። ይህን ስንነግራቸው የሰዎች ፊት ሲበራ አይተናል። አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው የማይደረስበት ቁጥር ስለተነገረው ነው።

ሌላም የሚያግዘን ነገር አለ። ሰው እኛ ዘንድ ለመግባት ካርድ አያወጣም፣ ቀጠሮ አይዝም። ሰፈሩን እናውቀዋለን፤ ማን ባሏ እንደሞተባት፣ ማን ሥራ እንደፈታ እናውቃለን። «ልጄ፣ አንተ ንገረኝ፣ ሐኪሙ ሲያወራ አልገባኝም» የሚሉን እናቶች አሉ። ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው ሳምንት፣ ከረመዳን በፊት ባለው ሳምንት መድኃኒታቸውን እንዴት እንደሚወስዱ ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ ስለ ምግብ ለመነጋገር ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው መንገዶች የሚሄዱበት ሰፊ የእግረኛ መንገድ ስላለ «በእግርዎ ይሂዱ» ማለት እንደ ድሮው ጉድጓድ ውስጥ መላክ አይደለም።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቀንም። የሴማግሉታይድ ፓተንት በሕንድ የሚያበቃው እ.ኤ.አ. በ2026 ነው፤ የምንሸጠው መድኃኒት ብዙው የሚመጣው ከዚያው ከሕንድ ነው። ርካሹ መርፌ ሲመጣ የሚደረደረው የእኛ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ ወረፋው የሚሰለፈው የእኛ ባንኮኒ ፊት ነው። ለማን እንደሚገባና ለማን እንደማይገባ፣ እርጉዝ ናት ወይስ አይደለችም፣ ስኳር አለው ወይስ የሠርግ ልብስ ጠቦት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያኔ መኖር አለበት። እኛ ለመጠየቅ ዝግጁ ነን። መጋረጃውን በራሳችን ገንዘብ እንሰቅላለን፤ ሥልጠናውን በእሑዳችን እንወስዳለን። የሪፈሩን ቅጽ፣ የአገልግሎቱን መመሪያና የምክሩን ክፍያ ግን እኛ ልናወጣቸው አንችልም፤ የሚያወጡት ሰዎች ያውጡልን።